የእማዬ ቬንትሌተር በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል?

የድሬዳዋ ሙቀት እንደምታውቁት ነው። እማዬ "ይሄ ቬንትሌተር እንደ ድሮው አይነፍስም እኮ" ካለችኝ ሰነባብታለች። እኔ ደግሞ "ሙቀቱ ጨምሮ ነው" እያልኩ አልፋት ነበር። ዛሬ ግን ልለካው ተነሳሁ።

ያለኝ መለኪያ በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ስልክ ብቻ ነው። ሦስቱ ክንፎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንዱ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩ። ያለዚያ ሲሶውን ዙር ሙሉ ዙር ብሎ መቁጠር ይመጣል። የመጨረሻው ፍጥነት ላይ አድርጌ ቀረጽኩት።

ቪዲዮውን አንድ አንድ ምስል እየገፋሁ ቆጠርኩ። ፕላስተሩ 10 ጊዜ ለመዞር 160 ምስል ፈጀ። አንዱ ዙር 16 ምስል ማለት ነው። 240 ለ16 ሲካፈል 15፤ በሰከንድ 15 ዙር፣ በደቂቃ 900።

የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። እንዲህ ባለ ቬንትሌተር ውስጥ የተለመደው ባለ አራት ዋልታ (አራት የማግኔት ጫፍ ያለው) ሞተር በዚህ መብራት በደቂቃ 1500 ዙር አይሞላም፤ ክንፎቹ አየሩን ሲገፉ ስለሚከብደው ትንሽ ዝቅ ይላል። 900 ግን በጣም አነሰብኝ።

ከሶኬት ነቅዬ ፈታሁት። አቧራው! ዘንጉ ላይ ፀጉርና ክር ተጠምጥሟል፤ ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ጠርጌ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨመርኩ። ሞተሩ እንዲነሳና እንዲዞር የሚያግዘውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ካፓሲተሩንም ቀየርኩት፤ እሱ ሲደክም ሞተሩም ይደክማል።

እንደገና ለካሁ። 10 ዙር በ120 ምስል። በደቂቃ 1200!

እማዬ ቁጥሩን አልጠየቀችኝም። ወንበሯን ወደ ንፋሱ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች። ስንት ወር "ሙቀቱ ነው" እንዳልኳት ሳስብ አንጀቴን በላችው።