ወደ ግድግዳው የዞረ ወንበር

በአንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት የሒሳብ ክፍል ተቀጥሬ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም ነበር። ከደንበኞቻችን አንዱ የሥራውን ክፍያ በቢትኮይን፣ ማለት በዲጂታል ገንዘብ ልኮ፣ ገንዘቡ በአንድ ኤክስቼንጅ (ቢትኮይን የሚሸጥና የሚገዛበት ድርጅት) አካውንታችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። «ወደ ራሳችን ዋሌት አውጣና በአግባቡ አስቀምጠው» የሚለው ትእዛዝ ለእኔ ደረሰ። ስለ ክሪፕቶ፣ ስለ እንዲህ ያለ ዲጂታል ገንዘብ የማውቀው ዋጋው ሲወጣና ሲወርድ የምሰማውን ብቻ ነበር። እንዲያግዙኝ የተመደቡት የሲስተም ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ በዕድሜም በልምድም ብዙ የሚበልጡኝ፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት።

«እዚያው ቢቆይስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አካውንቱ ሲከፈት እንደ ባንክ አፕ ቁጥሩን ወለል አድርጎ ያሳያል፤ የይለፍ ቃል አለው፣ ቢረሳ የሚያስመልስ ሰው አለው። ለእኔ ከዚያ የተሻለ አልታየኝም።

«ያ ቁጥር የእነሱ መዝገብ ነው፤ ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰው ምስጢራዊ ቁልፍ ያለው እነሱ ዘንድ ነው» አሉኝና ማውንት ጎክስ ስለሚባል ኤክስቼንጅ ነገሩኝ። በአንድ ወቅት አብዛኛው የዓለም የቢትኮይን ግብይት በእሱ በኩል ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ሥራ ሲያቆም 850,000 ያህል ቢትኮይን መጥፋቱ ተነገረ፤ 200,000 ያህሉ ብቻ በኋላ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ኤፍቲኤክስ የተባለው ሌላ ኤክስቼንጅ ሲከስርም ደንበኞቹ ሒሳባቸውን እያዩ ማውጣት አቃታቸው።

ሃርድዌር ዋሌቱን፣ ማለት ቁልፉን የሚይዘውን ትንሽ መሣሪያ፣ ከአምራቹ በቀጥታ አዘዝን። ሣጥኑን ስከፍት እትዬ መጀመሪያ ማየት የፈለጉት መሣሪያውን ሳይሆን የዋሌቱ ምስጢራዊ ቃላት የሚጻፍባቸውን ካርዶች ነው። «ቃላት አስቀድሞ የተጻፈበት ካርድ ካገኘህ ዕቃው የሌባ ወጥመድ ነው። ቃላቱን መሣሪያው ራሱ፣ አሁን፣ እፊትህ ማውጣት አለበት።» ካርዶቹ ባዶ ነበሩ። መሣሪያውን አስነሳሁ፤ ፒን አወጣሁ፤ በትንሿ ስክሪን ላይ 24 የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ በአንድ እየመጡ ገለበጥኳቸው። ቃላቱ 2048 ቃላት ካሉት ቋሚ ዝርዝር የሚመረጡ ናቸው። የዋሌቱ ቁልፎች በሙሉ ከእነዚህ 24 ቃላት ይወለዳሉ።

እኔ ግን እስከዚያ ድረስ ቢትኮይኑ እንደ ፍላሽ ዲስክ ፋይል መሣሪያው ውስጥ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ይህ የብዙ ጀማሪ ስህተት ይመስለኛል፤ ጥንቃቄውን ሁሉ ወደተሳሳተ ቦታ ስለሚወስድም ጉዳቱ ትልቅ ነው። መሣሪያውን በካዝና ቆልፎ ቃላቱን መሳቢያ ውስጥ የሚጥል ሰው አጋጥሞኛል። ገንዘቡ ያለው ብሎክቼይኑ ላይ፣ በብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚያዘው የግብይት መዝገብ ላይ ነው፤ መሣሪያው የሚይዘው ቁልፉን ብቻ ነው። መሣሪያው ቢሰበር ቃላቱ ካሉ ሌላ ገዝቶ መቀጠል ይቻላል። ቃላቱን ያየ ሰው ግን መሣሪያውም ፒኑም ሳያስፈልገው ሁሉንም መውሰድ ይችላል።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። «ባክአፕ አለህ?»

«ሁለት አለኝ» አልኩ በኩራት። «በካርዱ ላይ ጽፌያለሁ፤ ካርዱ ቢጠፋ ብዬ ደግሞ በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ።»

አልተቆጡም። ስልኬን እንዳወጣና ከ24ቱ ቃላት አንዱን በፎቶዎቹ መፈለጊያ ላይ እንድጽፍ ብቻ ጠየቁኝ። «አምብሬላ» (ጃንጥላ) የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። በዝናብ የተነሣሁት አንድ ፎቶ መጣ፤ ከጎኑ የእኔው ካርድ፣ በእኔው የእጅ ጽሑፍ። ስልኩ ምስሉን ብቻ ሳይሆን በምስሉ ላይ ያለውን ጽሑፍም አንብቦ በመዝገቡ አስገብቶታል። ፎቶው በራሱ ጊዜ ወደ ክላውድ ሄዷል፤ ቤት ባለው ታብሌቴ ላይም ወርዷል። ደሜ ቀዘቀዘ። ይህ የሩቅ ሥጋት አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ካስፐርስኪ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ድርጅት የደረሰበት ስፓርክካት የተባለ ተንኮል ፕሮግራም፣ በታወቁት የአፕ መደብሮች ውስጥ በነበሩ አፖች ተደብቆ የስልክ ፎቶዎችን እያነበበ እንዲህ ያሉ ቃላትን ሲለቅም ነበር።

«አሁኑኑ ላጥፋው» አልኩ።

«አጥፋው፤ ግን ማጥፋትህ ቃላቱን አይመልሳቸውም። የይለፍ ቃል ቢሆን ትቀይረው ነበር። ይህ አይቀየርም። ያለህ ምርጫ አዲስ ቃላት አውጥቶ እዚያ መጀመር ነው።» ደግነቱ ወደ ዋሌቱ ገና ምንም አልገባም ነበር። መሣሪያውን አጽድቼ አዲስ 24 ቃላት አወጣሁ። ስልኬ በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ውስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው ዛሬም በዝርዝር የማስታውሰው። ዋናውን ገንዘብ እልካለሁ ብዬ ስዘጋጅ እትዬ አስቆሙኝ። መጀመሪያ ትንሽ ብቻ ላክ አሉ። የመቀበያ አድራሻውንም በኮምፒውተሩ ስክሪን ሳይሆን በመሣሪያው ስክሪን ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዳስተያይ አደረጉኝ፤ ኮፒ የተደረገን አድራሻ በመሐል በሌባ አድራሻ የሚተካ ቫይረስ ስላለ ነው። ላክሁ። በመዝገቡ ላይ የሚጨመረው አዲስ የግብይቶች ጥቅል፣ ብሎክ የሚባለው፣ በአማካይ በየ10 ደቂቃው ነው የሚወጣው፤ ትንሽ ጠበቅን፤ ገባ።

«አሁን መሣሪያውን አጽዳው» አሉኝ። «ፋብሪካ እንደወጣ አድርገው።»

«ገንዘብ ገብቶበት?»

«ገንዘብ ስለገባበት ነው። ካርድህ እውነት ባክአፕ ይሁን አይሁን እስካሁን አናውቅም። ከካርዱ መልሰው።»

ይህን ብለው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ካርዱ ጠረጴዛው ላይ እስካለ ድረስ ዞረው አላዩም። እኔ ማየት ይችላሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን «የማላውቀውን ማንም ሊጠይቀኝ አይችልም» አሉ።

ቃላቱን በመሣሪያው ሁለት መጫኛዎች ብቻ፣ ፊደል በፊደል እየመረጥኩ አስገባሁ። 24ኛውን ስጨርስ መሣሪያው ቃላቱ ትክክል አይደሉም አለኝ። በጣቴ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሁሉንም እንደገና አስገባሁ። አሁንም ትክክል አይደሉም። ኮምፒውተሩ ላይ የላክኋት ትንሽ ገንዘብ ትታያለች፤ እጄ ላይ ያለው መሣሪያ ግን አያውቃትም። ትልቁን ገንዘብ አስገብቼ፣ ከዓመት በኋላ መሣሪያው ተበላሽቶ፣ ይህ ቢገጥመኝስ ብዬ አሰብኩ። እጄ በላብ ረጥቦ ነበር።

እትዬ ፊታቸውን ሳያዞሩ ይጠይቁኝ ጀመር። ቅደም ተከተሉ ቁጥር አለው? አለው። ሁሉንም ቃል ከዝርዝሩ ውስጥ አግኝቶልሃል? አዎ። «እንግዲያው ቃሉ እውነተኛ ቃል ነው፤ ግን የአንተ አይደለም። በአንድ ፊደል ብቻ ከሌላ ቃል የሚለይ ፈልግ።»

ካርዱን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። 17ኛው ላይ ቆምኩ። በእንግሊዝኛ «መርከብ» (ship) እና «ሱቅ» (shop) የሚሉት ቃላት የሚለዩት በመሐላቸው ባለች አንዲት ፊደል ነው፤ ሁለቱም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። በችኮላ ስጽፍ የፊደሏ ነጥብ ከግንዷ ጋር ተጣብቃ ክብ መስላለች። እኔ ራሴ የጻፍኩትን «ሱቅ» ብዬ አንብቤዋለሁ። «መርከብ» ብዬ አስገባሁ፤ መሣሪያው ተቀበለ፤ ትንሿ ገንዘብም በስክሪኑ ላይ ብቅ አለች።

መሣሪያው ስህተት መኖሩን ያወቀው፣ የመጨረሻው ቃል ከፊሉ የሌሎቹ ማረጋገጫ ስለሆነ ነው። ማረጋገጫው ግን የትኛው ቃል እንደተሳሳተ አይናገርም፤ ፍጹም ዋስትናም አይደለም። በ24 ቃላት የተሳሳተ ዝርዝር ከ256 አንድ ጊዜ ገደማ በአጋጣሚ ሊያልፍ ይችላል፤ በ12 ቃላት ግን ከ16 አንድ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የሚከፈተው ሌላ፣ ባዶ ዋሌት ነው፤ ሰውየውም ተሰረቅሁ ብሎ ይደነግጣል። በቃላቱ ላይ ተጨማሪ ፓስፍሬዝ፣ ማለት ራሱ የሚመርጠው ምስጢራዊ ሐረግ ለሚያደርግ ሰው ደግሞ ለፓስፍሬዙ ይህ ማረጋገጫ ጨርሶ የለም፦ አንድ ትልቅና ትንሽ ፊደል ቢለዋወጥ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሌላ ባዶ ዋሌት ይከፈታል። ለጀማሪ ፓስፍሬዝን የማልመክረው ለዚህ ነው።

ቃላቱን አዲስ ካርድ ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ። 12ቱን አንድ ቦታ፣ 12ቱን ሌላ ቦታ ላስቀምጥ ወይ ብዬ ስጠይቅ እትዬ አልወደዱትም፤ ከሁለቱ አንዱ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ሙሉውን ቅጂ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች እንዲቀመጥ ወሰንን። ወረቀት በእሳትም በውሃም ስለሚጠፋ አንዱን ቅጂ በማይዝግ ብረት ላይ አደረግሁት። ከእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያዎቹን አራት ፊደላት ብቻ መምታት ይበቃል፤ ዝርዝሩ የተዘጋጀው አራቱ ፊደላት ቃሉን ከሌላው ሁሉ እንዲለዩ ተደርጎ ነው። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ በመዶሻና በፊደል ማተሚያ እየመታሁ አመሸሁ። 17ኛው ላይ ስደርስ ፊደሏን ሦስት ጊዜ አይቼ ነው መዶሻውን ያነሣሁት።

ከዚያ ዋናውን ገንዘብ አስገባን። የድርጅት ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ ብቻ መሆን የለበትም ተብሎም ቆየት ብሎ ከሦስት ቁልፍ ሁለቱ ሲፈርሙ ብቻ ወደሚከፈት ማልቲሲግ ተዛወረ። ልምምዱ ግን አልቀረም፤ በየስድስት ወሩ ከቅጂዎቹ አንዱን ከታሸገበት አውጥተን በትርፍ መሣሪያ ላይ እንመልሰዋለን።

ባለፈው ወር በሒሳብ ክፍሉ አዲስ ልጅ ተቀጠረች። ቃላቷን ጽፋ እንደጨረሰች ነገረችኝ፤ መሣሪያውን እንድታጸዳው ጠየቅኳት። «ገንዘብ እኮ ገብቶበታል» አለችኝ፣ ድምፅዋ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ። «አውቃለሁ፤ ካርዱን አውጪና ከመጀመሪያው ቃል ጀምሪ» አልኳትና ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።