በሴንት አንድሩስ ነፋስ ውስጥ

ዛሬ በስኮትላንድ፣ በሰሜን ባሕር ዳርቻ በምትገኘው የሴንት አንድሩስ ከተማ፣ ኦልድ ኮርስ በሚባለው ጥንታዊ የጎልፍ ሜዳ ስጫወት ዋልኩ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የተለመደው የ18 ቀዳዳ ሥርዓት መነሻው ይኸው ሜዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1764 ከ22 ወደ 18 የተቀነሰው እዚህ ነበር።

ሜዳውን ፈታኝ የሚያደርገው ከሁሉ በላይ ነፋሱ ይመስለኛል። ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ ከፍ ብሎ የተመታን ኳስ እንዳሻው ስለሚወስደው፣ በሌላ ሜዳ ወደ ላይ የምልከውን ምት እዚህ ዝቅ አድርጌ በመሬት ላይ እንዲንከባለል ማድረግ ነበረብኝ። አፈሩ አሸዋማ፣ መሬቱም ደረቅና ጠንካራ በመሆኑ ኳሱ ካረፈ በኋላ የሚሮጠው ርቀት አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ባንከር የሚባሉት የአሸዋ ጉድጓዶች ደግሞ ብዙዎቹ ከመምቻው ቦታ ጨርሶ አይታዩም።

ልቤን የሰቀለው ግን 17ኛው ቀዳዳ ነው። የመጀመሪያው ምት በሜዳው አጠገብ ባለው ሆቴል ጥግ ላይ አልፎ ይሄዳል፤ ግሪኑን (ቀዳዳው የሚገኝበትን፣ ሣሩ አጥሮ የታጨደውን ስፍራ) ከፊት ጥልቅ ባንከር፣ ከኋላ ደግሞ መንገድ ይጠብቁታል። ጃፓናዊው ቶሚ ናካጂማ እ.ኤ.አ. በ1978 ኦፕን በተባለው ታላቅ የጎልፍ ውድድር ከዚያ ባንከር ለመውጣት ተቸግሮ ቀዳዳውን በ9 ምት ነበር የጨረሰው። እኔ ወደ ባንከሩ ላለመጠጋት ሁለተኛውን ምት ከግሪኑ በስተቀኝ አሳጥሬ በ5 ጨረስኩ፤ በዚህም ከልቤ ኮርቻለሁ።

ወደዚህ ለመምጣት የምታስቡ ወዳጆቼ፣ ሜዳውን የሚያውቅ ካዲ (የተጫዋቹን የመምቻ ዱላዎች የሚሸከም ረዳት) ይዛችሁ ተጫወቱ፤ የማይታዩትን ባንከሮች የሚያሳያችሁ እርሱ ነው።