የማይቶኮንድሪያን እጥፋት ማን እንደያዘው የፈተሽኩበት መንገድ

በየመማሪያ መጽሐፉ ያለው የማይቶኮንድሪያ (የሕዋሱን ኃይል የሚያመርተው ክፍል) ሥዕል ውስጠኛው ሽፋን መታጠፉን ያሳያል እንጂ ለምን እዚያ ቦታ ላይ፣ በዚያ ልክ እንደታጠፈ አይናገርም። የስብ ንብር እንዲሁ በራሱ ሹል ብሎ አይታጠፍም። በጥቂት አስር ናኖሜትር ስፋት ውስጥ እንዲጎብጥ የሚያስገድደው፣ ከጎበጠም በኋላ ተመልሶ እንዳይዘረጋ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ካርዲዮሊፒን የተባለው ስብ ቅርጹ ለመጉበጥ ስለሚመች ያግዛል፤ ግን ውስጠኛው ሽፋን ከክብደቱ ሦስት አራተኛ ገደማው ፕሮቲን ነውና ዋናውን ሥራ ከፕሮቲኖቹ መፈለግ ተገቢ መሰለኝ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ጥያቄም ይኸው ሆነ፦ የትኛውን መታጠፊያ የያዘው የትኛው ፕሮቲን ነው?

«የትኛውን መታጠፊያ» የሚለው ክፍል ዋና ነው። እጥፋቶቹ ክሪስታ ይባላሉ። ጆርጅ ፓላዴ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካሳያቸው በኋላ ለረጅም ጊዜ አፋቸው ሰፊ የሆኑ እጥፋቶች ተደርገው ይሳሉ ነበር። በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየው ቶሞግራፊ በ1990ዎቹ ሲመጣ ግን ክሪስታ አንገቱ የጠበበ ቅል ሆኖ ተገኘ፤ ሆዱ ሰፊ፣ መግቢያው ከ20 እስከ 30 ናኖሜትር ገደማ ብቻ። ስለዚህ አንዱ ክሪስታ ሁለት ዓይነት መታጠፊያ አለው፤ አንዱ ጫፉ ላይ፣ ሌላው አንገቱ ላይ። የሚጎብጡትም በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። «ሽፋኑን የሚቀርጸው ፕሮቲን» እያሉ በነጠላ የሚጽፉ ጽሑፎችን ከዚያ ወዲህ በጥርጣሬ ነው የማነባቸው።

ለጫፉ ተጠርጣሪው ኤቲፒ ሲንቴዝ ነው። ለሕዋሱ ሥራ ኃይል የሚያቀብለውን ኤቲፒን የሚሠራው ይህ ኢንዛይም ሁለት ሁለት እየሆነ ይጣመራል። ጥንዶቹ ቀጥ ብለው አይቆሙም፤ በእርሾ ውስጥ በመካከላቸው 86 ዲግሪ ገደማ ማዕዘን ይፈጥራሉ፤ ከዚያ በክሪስታው ጠርዝ ላይ ረድፍ ሠርተው ይደረደራሉ። በ2002 በወጣ ጥናት ጥንዱን የሚያያይዙት «ኢ» እና «ጂ» የተባሉት ትናንሽ ክፍሎች ከእርሾ ሲወገዱ ክሪስታዎቹ ጠፍተው ሽፋኑ ተደራራቢ ቀለበት ሆኖ ታይቷል። ለአንገቱ ደግሞ ተጠርጣሪው ሚኮስ የተባለው የፕሮቲኖች ስብስብ ነው። ሦስት የምርምር ቡድኖች በ2011 ለየብቻቸው ደርሰውበታል፤ ምሰሶዎቹ ሚክ60 እና ሚክ10 ናቸው።

እኔ የተጠቀምኩት ሦስት የእርሾ ዝርያዎችን ነው፦ ያልተነካ፣ ሚክ60 የተወገደበት እና «ኢ» ክፍል የተወገደበት። እርሾ የተመረጠው ያለ ማይቶኮንድሪያው ትንፋሽ በፍላት (ስኳርን ወደ አልኮል በመለወጥ) ብቻ መኖር ስለሚችል ነው፤ የሰው ሕዋስ ላይ እንዲህ መዳፈር ይከብዳል። ነገር ግን ይኸው ምቾት ወጥመድም አለው። ግሉኮስ የጠገበ እርሾ ማይቶኮንድሪያውን ችላ ይለዋል፤ ክሪስታዎቹም ይሳሳሉ። በግሉኮስ አሳድጋችሁ «ፕሮቲኑን ሳወጣ ክሪስታ ጠፋ» ብትሉ ማንም ሊያምናችሁ አይገባም። ስለዚህ ሁሉንም ያሳደግኳቸው በፍላት ሊኖሩበት በማይችሉት፣ መተንፈስን በሚያስገድደው ግሊሴሮል ላይ ነበር። እድገቱ ይዘገያል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህ ይብሳል። እነዚህ ፕሮቲኖች ሲጎድሉ፣ በተለይ «ኢ» ሲጎድል፣ ብዙ የእርሾ ሕዋሳት የማይቶኮንድሪያቸውን የራሱን ዲኤንኤ ይጥላሉ። እንዲህ ያሉት ፔቲት ይባላሉ። የኤቲፒ ሲንቴዝ ሦስት ክፍሎች የሚሠሩት ደግሞ ከዚያው ዲኤንኤ በሚመጣ መመሪያ ነው። እንግዲህ ፔቲት የሆነ ሕዋስ ውስጥ የተበላሸ ክሪስታ ብታዩ ያበላሸው እናንተ ያወጣችሁት ፕሮቲን ይሁን የጠፋው ዲኤንኤ መለየት አትችሉም። ግሊሴሮል እዚህ ላይ ሁለተኛ ጥቅም ሰጠኝ፤ ፔቲት በግሊሴሮል ላይ አያድግምና ናሙናውን ራሱ ያጣራዋል። በዚያ ላይ ዝርያዎቹን የመረጥኳቸው አዴ2 የተባለው ጂን ከጎደላቸው ነበር፤ እነዚህ የሚተነፍሱ ሲሆኑ ቀይ፣ ፔቲት ሲሆኑ ነጭ ሆነው ይበቅላሉ። ከእያንዳንዱ ናሙና ጥቂት ሳህን ላይ መዝራትና ቀለሙን ማየት ምንም አያስወጣም። ከዚህ ርካሽ ማረጋገጫ አላውቅም።

ማይቶኮንድሪያውን ከሕዋሱ አውጥቶ ማየት ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ለቅርጽ ጥናት አልመረጥኩትም። ቻርልስ ሃከንብሮክ በ1966 እንዳሳየው የወጣ ማይቶኮንድሪያ የውስጥ ቅርጹን እንደ ሥራው ሁኔታ ይለውጣል፤ ኤዲፒ (ኤቲፒ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ) ማግኘትና ማጣቱ ብቻ ሽፋኑን ከአንድ መልክ ወደ ሌላ ይወስደዋል። የዙሪያው ፈሳሽ ጨውና ስኳር ትንሽ ቢዛነፍም ያብጣል ወይም ይኮማተራል። ስለዚህ ሙሉውን ሕዋስ ወደ 2,000 ባር በሚጠጋ ግፊት፣ በሚሊሰከንዶች ውስጥ አቀዘቀዝኩት። ውሃው በረዶ ቅንጣት ለመሥራት ጊዜ አያገኝም። ከዚያ ከዜሮ በታች 90 ዲግሪ ላይ ውሃውን ቀስ እያሉ በአሴቶን መተካት ነው። የእርሾ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ በኬሚካል ብቻ ማድረቅና ማጽናት ኬሚካሉ እስኪገባ ድረስ ሽፋኑ እንዲንቀሳቀስ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ይህን ነው መሸሽ የፈለግኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለተለመደው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ናሙና የሚቆረጠው 70 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት እንዲኖረው ነው። የክሪስታ አንገት ደግሞ 25 ናኖሜትር ቢሆን ነው። ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት፦ ቆራጩ ክሪስታውን በየትኛውም ቦታ ሊቆርጠው ይችላል፤ አንገቱ ላይ የመዋሉ ዕድል ትንሽ ነው። ስለዚህ ጤነኛው እርሾ ውስጥም አብዛኛው ክሪስታ ከዳር ሽፋኑ (ከውስጠኛው ሽፋን ሳይታጠፍ ዳር ዳሩን ከሚሄደው ክፍል) የተነጠለ መስሎ ይታያል! ሚክ60 የሌለው እርሾ መለያው ደግሞ ክሪስታዎቹ መነጠላቸው ነው። በአንድ ቀጭን ቁራጭ ምስል «ተነጥሏል» ማለት ታዲያ ከንቱ ነው፤ ሊባል የሚችለው ከጤነኛው ጋር በብዛት ሲነጻጸር ብቻ ነው።

ለዚህ ሁለት ነገር አደረግኩ። የመጀመሪያው፣ ቁራጩን ወደ 250 ናኖሜትር አወፍሬ በሁለቱም አቅጣጫ እስከ 60 ዲግሪ እያዘነበልኩ ቶሞግራም ሠራሁ። አንገቱ ሙሉ በሙሉ በቁራጩ ውስጥ ይያዛል ማለት ነው። (ከዚህ ብዙ አልፎ ማዘንበል ስለማይቻል አንዳንድ አቅጣጫ ላይ የተኛ ሽፋን ይደበዝዛል። ደብዛዛውን «የለም» ብሎ መቁጠር አይገባም፤ «አይታወቅም» የሚል ዓምድ ከፈትኩለት።) ሁለተኛው፣ ቀጭኖቹን ምስሎች የዝርያ ስማቸውን የሥራ ባልደረባዬ በኮድ ሸፍና ሰጥታኝ ቆጠርኳቸው። ምን ቀለበት፣ ምን ድርድር፣ ምን መደበኛ እንደሚባል ኮዱን ሳላይ አስቀድሜ ጽፌ ነበር። ዓይን የሚፈልገውን ያያል፤ በተለይ ከፊል ቀለበት የሆኑት ወደፈለጉበት ይጎተታሉ።

ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ቀደም ካሉት ጥናቶችም ጋር ይሄዳል። «ኢ» የጎደለው እርሾ ጫፎቹን አጥቶ ሽፋኑ ተደራራቢ ሆነ። ሚክ60 የጎደለው ግን ሽፋኑን አላጣም፤ ከዳሩ ተነጥለው ትይዩ የተደረደሩ ዝርጎች ሞሉት፣ አንገት ግን የለም።

በጣም ያስደሰተኝ ግን ምስሉ አልነበረም፤ ጄሉ ነው። ሽፋኑን ዲጂቶኒን በተባለው ለስላሳ ሳሙና ፈትቼ የፕሮቲን ጥምረት ሳይፈርስ በሚለይበት ጄል ላይ አስኬድኩት። የሳሙናው መጠን ሁሉ ነገር ነው፤ ሲበዛ ጥንዱ ይፈርሳልና «ጥንድ የለም» የሚለው ግኝት የእጃችሁ ሥራ ይሆናል። የተለያየ መጠን ጎን ለጎን ማስኬድ ይገባል። «ኢ» በሌለበት ኤቲፒ ሲንቴዝ በነጠላ ቀረ። ሚክ60 በሌለበት ግን ጥንዶቹ በቦታቸው ነበሩ። ማለትም አንገቱ የጠፋው ጫፉን የሚይዘው ስለጠፋ አይደለም፤ ሁለቱ መታጠፊያዎች የየራሳቸው ያዥ አላቸው። ይህን ከምስሉ ብቻ መናገር አልችልም ነበር።

ይሁንና ፕሮቲን ማውጣት የሚያሳየው አስፈላጊነቱን ብቻ ነው፤ ብቻውን ማጠፍ ይችል እንደሆነ አይናገርም። ለዚያ የሚያስፈልገው ተጣርቶ የወጣ ፕሮቲንና ሰው ሠራሽ የስብ ከረጢት ነው፤ ሌሎች ሠርተውታል። በ2017 ሚክ60፣ በ2019 የኤቲፒ ሲንቴዝ ጥንዶች ከረጢት ላይ ሲደረጉ ሽፋኑን ሲያጎብጡ ታይተዋል። የእኔን ውጤት ትርጉም ስሰጠው የተደገፍኩት በእነሱ ላይ ነው።

ሆን ብዬ የተውኩት ሦስተኛ ፕሮቲን አለ፤ በእርሾ ኤምጂኤም1፣ በሰው ኦፓ1 ይባላል። ኦፓ1 ሲበላሽ የዓይን ነርቭን የሚያመነምን በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያመጣል፤ ስለዚህ ለምን እንደተውኩት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ኤምጂኤም1 የማይቶኮንድሪያ ሽፋኖችን እርስ በርስም ያዋህዳል፤ ሲወጣ ማይቶኮንድሪያው ይበጣጠሳል፣ ዲኤንኤውም ይጠፋል። የቅርጹን ጉዳት ከዚያ ሁሉ መለየት አይቻልም። ለመግባት የሚያስብ ካለ ፕሮቲኑ በ37 ዲግሪ ብቻ ሥራ የሚያቆምበትን ዝርያ ይውሰድ፤ በቀዝቃዛው አሳድጎ፣ ሙቀቱን ከፍ አድርጎ፣ ዲኤንኤው ከመጥፋቱ በፊት በየጥቂት ደቂቃው ናሙና እየወሰደ ያቀዝቅዝ።