ክሬሙ ማደር አለበት፦ የእንጆሪ ብርጭቆዬ በ7ኛ ወሩ

ሰላም ናችሁ ጓዶች። እስካሁን የናንተን እያነበብኩ ነበር ዝም ያልኩት፣ ዛሬ ግን ደስታዬን ብቻዬን መያዝ አቃተኝ። ባለፈው እሁድ ከደሴ ኮምቦልቻ ይዤ የወረድኩት 14 ብርጭቆ እንጆሪ በክሬም የሐረጎ ቁልቁለትን ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወርዶ፣ አክስቴ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ሰአት በላይ ተቀምጦ፣ አልፈረሰም። ጫፉ ቀጥ እንዳለ ነው የተበላው። ደሴ እኮ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ፣ እኛ ጋቢ ለብሰን የምንውልበት ቀን እነሱ ጥላ ይፈልጋሉ፣ ግንቦት ላይ ደግሞ ሙቀቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚ የተመታ ክሬም እዛ ቆሞ ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ነገሩ ኦቨን ምናምን አይፈልግም። ብርጭቆ ውስጥ ከስር የደቀቀ ብስኩት፣ ከላዩ የተመታ ክሬም፣ ከዛ ስኳር ነስንሰው ያቆዩት እንጆሪ፣ እንደገና ክሬም፣ አለቀ። የጀመርኩት ጥቅምት ላይ ነው፣ ኦቨን ስለሌለኝና መብራት መቼ እንደሚጠፋ ስለማይታወቅ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በዱቄቱ ክሬም ነው የሰራሁት፣ በቀዝቃዛ ወተት በጥብጠህ አምስት ደቂቃ ስትመታው ይቆማል፣ ስለሱ ብዙ ማወራው የለኝም። ይቆማል ግን አይጣፍጥም። የአትክልት ቅባትና ስኳር ነው፣ ምላስ ላይ እንደ ሰም ተለጥፎ ይቀራል። ላም ባለበት አገር፣ ወሎ ውስጥ ተቀምጬ፣ ክሬምን ከፓኬት ማውጣት አልዋጥልህ አለኝ።

እና ወደ እውነተኛው ክሬም ገባሁ፣ መከራዬም እዛ ጀመረ።

እኛ ሰፈር አካባቢ ወተቱን በማሽን ለይታ ክሬሙን ለብቻ የምትሸጥ የወተት ቤት አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ሊትር ገዝቼ ሳላፈላ እንዳለ መታሁት፣ ቆመ! እንዴት እንደተደሰትኩ። ግን እዚ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ፣ ያን ክሬም ለትናንሽ የወንድሜ ልጆች ሰጥቻለሁ። ያልፈላ ወተት ብሩሴላም የከብት ቲቢም ሊያስተላልፍ እንደሚችል አውቃለሁ፣ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ግን ክሬም ሲሆን ወተት መሆኑን ረሳሁት። ምንም አልሆኑም አልሀምዱሊላህ፣ እስከዛሬ ግን ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል። እባካችሁ ማንም እንዲ እንዳያደርግ።

ከዛ በኋላ ክሬሙን በቀስታ እያማሰልኩ 75 ዲግሪ አካባቢ አድርሼ፣ ሙቀቱን ጥቂት ደቂቃ ይዤ፣ አቀዝቅዤ መምታት ጀመርኩ (ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ዳር ዳሩ አረፋ ሲያወጣ ማለት ነው)። እና አልቆም አለ። ያው ክሬም፣ ያው ወተት ቤት፣ ያው ሚክሰር! መጀመሪያ እንደ ሳሙና አረፋ ይሆናል፣ ትልልቅ አረፋ ነው ወዲያው የሚፈነዳ፣ ሰባት ስምንት ደቂቃ እዛው ይዋኛል፣ ከዛ በአንድ ጊዜ ዳሩ ላይ ቢጫ ቢጫ ፍርፋሪ ይታይና ከስሩ ውሃ ይለቃል። ቅቤና አሬራ ሆነ ማለት ነው። ክሬም የሚባለውን ደረጃ ጭራሽ ሳይነካው ነው ወደ ቅቤ የሚሄደው። አራት ጊዜ እንዲ ሆነብኝ። ጊዜው ረመዳንና ሁዳዴ የተገናኙበት ስለነበር ክርስቲያኑ ወተት ትቶ ክሬሙ እንደልብ ይገኝ ነበር፣ ቀማሾቼ ደግሞ ያባቴ ወገኖች ናቸው፣ በየኢፍጣሩ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል፣ እኔ እንጆሪውን ብቻውን ይዤ እገባለሁ።

ሁሉንም ጠረጠርኩ። ሚክሰሩ ነው ብዬ ሸዋበር ገበያ ወርጄ ሌላ ገዛሁ። ስኳሩ ነው ብዬ ቀየርኩ። ጭራሽ ወተት ቤቷ ሄጄ «እትዬ ክሬሙ ውሃ ገብቶበታል» አልኳት፣ ሰው ፊት። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝና ምንም አላለችም። ክሬሟ ንፁህ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ አሁንም ደንበኛዋ ነኝ።

መልሱ የመጣው ካያቴ ነው። ከገጠር ከቦረና (የኛው የወሎው ቦረና) ለህክምና መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ኩሽና በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ አምስተኛውን ስመታ እያየችኝ፣

«ይሄ ወተት መቼ ነው ያደረው?» አለችኝ።

«አላደረም እማማ፣ አሁን ከሰአት ነው ያፈላሁት፣ ፍሪጅ ገብቶ ቀዝቅዟል እኮ።»

«ያላደረውን ታዲያ ምን ሊሰጥሽ ነው የምትንጪው ልጄ? ገና ድካሙ መች ወጣለት።»

የሷ ማደር ሌላ ነው፣ ቅል ውስጥ ወተቱ ረግቶ ነው የሚናጠው፣ የኔ ክሬም መርጋት የለበትም። ግን «ድካሙ መች ወጣለት» ያለችው ነገር አልለቀቀኝም፣ ማታ ስለ ክሬም ሳነብ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ክሬም ውስጥ ያለው ቅባት በጣም ትናንሽ ጠብታ ነው። ስናሞቀው ጠብታው ውስጥ ያለው ቅባት ሙሉ በሙሉ ይቀልጣል። ፍሪጅ ስናስገባው ክሬሙ በሁለት ሰአት እጅ ላይ ቀዝቃዛ ይሆናል፣ ቅባቱ ግን ገና አልጠጠረም፣ ለመጠጠር ብዙ ሰአት ይፈልጋል። ክሬም የሚቆመው ደግሞ በከፊል የጠጠሩት ጠብታዎች እርስ በርስ ተያይዘው አየሩን አቅፈው ስለሚይዙት ነው። ካልጠጠሩ አየሩን አይዙም፣ ዝም ብለው ተደባልቀው ቅቤ ይሆናሉ። የመጀመሪያው ቀን ያልፈላው የቆመልኝም ወተት ቤቷ ቀዝቃዛ ውስጥ አሳድራው ስለነበር ነው፣ ኋላ ጠይቄ አረጋገጥኩ።

በማግስቱ ግማሽ ሊትር አፍልቼ፣ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሜ ቶሎ አበርጄ፣ ከድኜ ፍሪጁ ውስጥ ወደ ኋላ አስገብቼ አሳደርኩት። (ክዳኑን እንዳትረሱ፣ ክሬም ሽታ ይስባል፣ አንዴ የሽንኩርት ቁሌት የሚሸት ክሬም በልተናል።) ጠዋት ስመታው ሦስት ደቂቃ አካባቢ ላይ መምቻው መንገዱን እየተወ መሄድ ጀመረ፣ ማለት ያለፈበት ቦታ ተመልሶ አልሞላም፣ መስመሩ እንደ እርሻ ፈር ቀረ። እጄ ቆመ። አያቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ በጣቷ ቀመሰችና «ጨው የለውም» ብላ ተመለሰች።

ከሷ የወሰድኩት ሌላ ነገር ድምፅ ነው። እሷ ቅሉን ስትንጥ አይኗ ሌላ ቦታ ነው፣ ቅቤው መውጣቱን የምታውቀው በጆሮዋ ነው፣ መጀመሪያ ቀጭን የውሃ ድምፅ ነው ከዛ ወፈር ይላል፣ ቅቤው ሲለይ ደግሞ እንደገና ይንቦጫረቃል። ክሬምም እንደዛው ነው። ሚክሰሩ ድምፁ መወፈር ሲጀምር አጥፉት። የቀረውን በእጅ መምቻ ጨርሱት፣ አስር አስራ አምስት ዙር ይበቃዋል። እኔ ሚክሰርን እስከመጨረሻው በትልቅ ፍጥነት የሚለቁ ሰዎች ቪዲዮ ሳይ አይመቸኝም፣ ከቆመ ክሬም እስከ ቅቤ ያለው ርቀት ሰከንዶች ነው።

አሁን የምሰራበት ልክ ይሄ ነው። ክሬሙ ቅባቱ ቢያንስ 30 ፐርሰንት መሆን አለበት፣ 35 ከሆነ በጣም ጥሩ፣ ስለዚ ተራ ወተት ስትመቱ ብትውሉ አይቆምም። ስትመቱት 4 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፣ 10 ካለፈ በከንቱ አትድከሙ። የብረት ጎድጓዳ ሳህን ተጠቀሙ፣ ፕላስቲክ ቅዝቃዜ አይዝም፣ ሳህኑንም መምቻውንም ቀድማችሁ ፍሪዘር ክተቱ። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ከሚሴ ላላችሁ ደግሞ ሳፋ ውስጥ በረዶ ሰባብራችሁ አንድ እፍኝ ጨው ነስንሱበትና ሳህኑን እሱ ላይ አስቀምጡ፣ ጨው በረዶውን ከዜሮ በታች ያወርደዋል። ስኳሩን መጀመሪያ አትጨምሩ፣ ክሬሙ ለስለስ ብሎ መያዝ ሲጀምር ነው፣ ለግማሽ ሊትር 3 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ስኳር። እኔ በቡና መፍጫዬ ነው የምፈጨው።

እንዲቆይ ጄላቲን ጨምሪ ያሉኝ ነበሩ፣ እኔ አልጨምርም። ጄላቲን ከከብትም ከአሳማም ይሰራል፣ ከየትኛው እንደሆነ ያልተፃፈበትን እኛ ቤት ማስገባት አይሆንም፣ አንድ ገበታ ላይ ያባቴም የናቴም ወገን ነው የሚበላው። በሱ ፈንታ 2 የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት ከስኳሩ ጋር አደርጋለሁ፣ የእሁዱን ያቆመው እሱና ይዤ የወረድኩበት አይስቦክስ ናቸው።

እንጆሪው ላይ ብዙ አልቆይም። እዚ የሚመጣው ከአዲስ አበባ 400 ኪሎሜትር ተጉዞ ስለሆነ ከላይ ያለውን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፣ ካርቶኑን ገልብጡት፣ የረጠበና የሻገተው ስር ነው ያለው። እንጆሪ ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም፣ ነጭ ትከሻ ያለውን «ይደርሳል» ብላችሁ እንዳትወስዱ። ከነቅጠሉ እጠቡት፣ ቅጠሉን ካነሳችሁ በኋላ ካጠባችሁት ውሃ ይጠጣል። ከትፋችሁ በትንሽ ስኳር 20 ደቂቃ አስቀምጡትና በወንፊት አጥልሉት፣ ጭማቂው ክሬም ውስጥ ከገባ ያንን ሁሉ ልፋት ያቀጥነዋል። ጭማቂውን እኔ ለብቻው አፍስሼ መጨረሻ ላይ ከላይ ጠብ አደርጋለሁ።

በነገራችን ላይ እኛ ገጠር እንጆሪ የምንለው ይሄ አይደለም፣ ያ የእሾሁ ነው፣ ወንዝ ዳር ክንዳችን እየተቧጨረ የምንለቅመው። አያቴ ይሄን የገበያውን አይታ «ይሄ ደሞ ምን አይነት እንጆሪ ነው እሾህ የለው» ነው ያለችው። እሱን ባገኝ በክሬም ብሰራው ደስታዬ ነው፣ ኮምጠጥ ስለሚል ከክሬሙ ጋር የበለጠ የሚሄድ ይመስለኛል።

ያልፈታሁት ብስኩቱን ነው። 200 ግራም ደረቅ ብስኩት አድቅቄ በ80 ግራም የቀለጠ ለጋ ቅቤ እለውሰዋለሁ፣ ቅቤው እርጥበቱን ይከላከላል፣ ሦስት ሰአት ድረስ ደህና ነው ካደረ ግን ይላቁጣል። አንዴ ለጋ ቅቤ አጥቼ የወጥ ንጥር ቅቤ አደረግኩበት፣ ኮረሪማው ሸተተ፣ ለማንም አልተናገርኩም ነበር ግን አክስቴ «የዛሬው ስሩ ምንድነው እንዲ የጣፈጠ?» አለችኝ። ከእንጆሪው ጋር አልተጣላም የምር። ሆን ብዬ ደግሜ ሳልሞክረው ግን አድርጉ አልላችሁም።

ይሄን እየፃፍኩ ሌላ ግማሽ ሊትር አፍልቼ ውሃ ላይ እያበረድኩ ነው። መብራት ካልጠፋ ያድራል፣ ጠዋት ቡና ሳይፈላ እመታዋለሁ። ብስኩቱ ሳይላቁጥ የሚያሳድር ዘዴ ያለው ሰው ካለ በጣም ነው ምፈልገው፣ አስር ሰው የሚጋበዝበት ሰርግ መልስ ተይዞብኛልና ከማታ ሰርቼ ማሳደር አለብኝ።