ካይሮ፣ ሽቦው፣ ስድስት ኪሎ፦ የሐሊም ኤል ዳብን ዘዴ በበገና መሞከር

ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የት ተጀመረ ሲባል አብዛኛው ሰው ፓሪስን ይጠራል፤ ከተቀዳ ድምፅ ሙዚቃ የሠራውን ፈረንሳዊ ፒየር ሼፈርን፣ 1948 እ.ኤ.አ.ን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ 4 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1944፣ ካይሮ ውስጥ ሐሊም ኤል ዳብ የሚባል የግብርና ምህንድስና ተማሪ ከራዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅረጫ፣ ማለት ድምፅን በቀጭን ሽቦ ላይ በማግኔት የሚቀዳ መሣሪያ፣ ተውሶ በዛር ሥርዓት ላይ የሚዜመውን የሴቶች ዜማ ቀርጾ ነበር። ዛር ያው እኛ የምናውቀው ዛር ነው፤ ስሙ እንኳ እዚያም አልተለወጠም። መቅረጽ ብቻውን አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሱ ነገር ወደ ራዲዮ ጣቢያው ተመልሶ የሠራው ነው፦ ከድምፁ መሠረታዊውን፣ ማለት ወፍራሙን ድምፅ፣ ቀንሶ አወጣ፣ ከላይ የሚንሳፈፉት ቀጫጭን ድምፆች ብቻ እንዲቀሩ አደረገ፣ ግድግዳው በሚንቀሳቀስ ክፍል ውስጥ እያሰማ መልሶ ቀዳው። ከዚያ ሥራ ዛሬ የሚሰማው ወደ 2 ደቂቃ የሚሆን ቁራጭ ነው። ሰው መሆኑ ይታወቃል፣ ማን እንደሆነ ግን አይለይም።

ድምፁን እየቆረጠ ለምን አልገጣጠመም? መሣሪያው አይመችማ። የሽቦ መቅረጫ ሽቦ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የተለመደው ፍጥነቱ በሰከንድ 61 ሳንቲ ሜትር ነው። ለአንድ ሰዓት 2.2 ኪሎ ሜትር ሽቦ ይፈጃል፤ ጫፉን አራት ኪሎ ሐውልት ሥር ብታስሩት ስድስት ኪሎን አልፎ ይተርፋል። ሲበጠስ እንደ ክር ይቋጠራል፣ ቋጠሮው በጆሮ ይሰማል። ከጥቅሉ ካመለጠ ደግሞ መፍታት የለም፣ መጣል ነው። ሽቦው ሲጠማዘዝ የተቀዳበት ጎን ከማንበቢያው ፊቱን ያዞርና ቀጫጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። ስለዚህ በሽቦ የሚያዋጣው መቀስ ሳይሆን ክፍልና ማጣሪያ ነው።

ሰውዬው በ1921 ካይሮ ተወለደ፣ በ1950 አሜሪካ ሄደ፣ በ1959 ኒው ዮርክ በሚገኘው በኮሎምቢያ ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል «ሌይላ ኤንድ ዘ ፖየት»ን ሠራ፣ በ2017 አረፈ። እኛን የሚመለከተው መሐሉ ነው። ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ቡድኑ በኋላ በተስፋዬ ለማ መሪነት ይበልጥ ታወቀ።

ክራር፣ በገና፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና እምቢልታ በአንድ መድረክ መቀመጣቸው ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል። ችግሩ ቅኝቱ ላይ ነው። ዋሽንት አንዴ ከተበሳ አይቃኝም፤ ለዚህ ነው ዋሽንተኛ ቁመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው። ባለ አውታሮቹ ወደ እሱ ይመጣሉ እንጂ እሱ ወደ እነሱ አይሄድም። እምቢልታ ደግሞ አንዱ ነፊ ጥቂት ድምፅ ብቻ ስለሚያወጣ ዜማው ለ3 ሰው ይከፋፈላል።

ወደ ካይሮው ዘዴ እንመለስ። ለመሞከር ከበገና የተሻለ መሣሪያ የለንም። በገና ነዘር ነዘር የሚለው በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በብርኩማው መካከል ባለችው ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዝራ፣ ምክንያት ነው፤ አውታሩ እሷን በነካ ቁጥር ቀጫጭን ድምፅ ይረጫል። መሠረታዊው ሲወጣ ይህ ይቀራል። ዋሽንትን እንደዚያው ብታጣሩት ትንፋሽ ብቻ ነው የሚተርፋችሁ።

2 ደቂቃ በገና ቅዱ። ማይኩ ከብርኩማው 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከፍተኛው ድምፅ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከኔጌቲቭ 12 ዴሲቤል አይለፍ። በስልክ ከሆነ ፋይሉ ዋቭ (ያልታመቀ ድምፅ) ይሁን፣ ድምፅ ማጥሪያውንም አጥፉ፤ ነዘሩን ጫጫታ ነው ብሎ ይበላዋል። ከዚያ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ሃይ ፓስ ፊልተር (ወፍራሙን ድምፅ የሚቀንስ ማጣሪያ)፣ ቁልቁለቱ በኦክቴቭ 24 ዴሲቤል፦ መጀመሪያ 300 ሄርዝ፣ ቀጥሎ 800፣ ቀጥሎ 1500፤ ሦስቱንም ለየብቻ አስቀምጡ። 300 ላይ በገናው ይቀጥናል፣ 1500 ላይ በገና መሆኑ ራሱ ያጠራጥራል። እኔ 800ውን እመርጣለሁ።

አሁን የተጣራውን ድምፅ አሰምተን መልሰን የምንቀዳበት ክፍል። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ብዙ ጊዜ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ድምፁ ያመልጣል። ብሔራዊ ቲያትርና አምባሳደር አካባቢ ያሉት ደረጃቸው የተዘጋ የቆዩ ፎቆች ይሻላሉ፤ ጥበቃውን አስፈቅዶ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ፣ የታክሲ ረዳት ጩኸት ሲያልቅ። ስፒከሩን ምድር ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሩት፣ ማይኩን 2 ፎቅ ከፍ አድርጉ። ስፒከሩ በባትሪ የሚሠራ ይሁን፣ መብራት መሐል ላይ ይሄዳልና። ግንኙነቱ ግን በጃክ ገመድ፤ አንዳንዱ ብሉቱዝ ጸጥታ ሲረዝምበት ይተኛና የቀጣዩን ድምፅ መነሻ ይቆርጣል።

የሚንቀሳቀሰውን ግድግዳ በር ይተካዋል፦ አንዱን ዙር ተከፍቶ፣ አንዱን ተዘግቶ፣ አንዱን ብርድ ልብስ ተሰቅሎበት። የተቀዳውን መልሳችሁ አሰሙና እንደገና ቅዱ። ማጣራቱ ከክፍሉ በፊት ይሁን፤ ያልተጣራ ድምፅ ካስገባችሁ ደረጃው የራሱን ወፍራም ጉምጉምታ ይመርጥና በየዙሩ ያሳድገዋል። ጫጫታውም በየዙሩ ይደመራል። አውታር የተመታበት ቅጽበት በአራተኛው ዙር ካልተለየ ሦስተኛውን ያዙ።