ሁለት ጊዜ የሞተችው መኪና

በምሠራበት የመድን ድርጅት ፋይሉ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ውሳኔው አልቆ ነበር። ዕድሜዋ የገፋ የቤተሰብ መኪና ናት፤ ፊት ለፊት ተጋጭታ ኮፈኗ ተጣጥፏል፣ ራዲያተሯ ተጨፍልቋል፣ ሁለቱም የፊት ኤርባጎች ፈንድተዋል። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ኢንጂነራችን ፎቶዎቹንና የጋራዡን ፕሮፎርማ አገናዝቦ «ቶታል ሎስ»፣ ማለትም መጠገኗ አያዋጣም፣ ብሎ ፈርሞበታል። የቀረው የእኔ ሥራ ነው፤ ደብዳቤ ማዘጋጀትና ባለንብረቶቹን መጥራት።

ባልና ሚስት አብረው መጡ። ባልየው ወንበር እንኳ ሳይስብ «ሞተሯ እኮ አሁንም ይነሳል!» አለኝ።

ካሳ ክፍል ሠርቶ ይህን ያልሰማ የለም። ሞተር መነሳቱ ግን ለውሳኔው ብዙም አይፈይድም። ኤርባግ አንዴ ከፈነዳ እሱ ራሱ ይቀየራል፤ አደጋው ሲደርስ የሚያጠብቀው ዘዴ የሠራ የደህንነት ቀበቶም እንዲሁ፤ የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተርና የተቀደደው ዳሽቦርድም ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። የመኪና ዋጋ በየዓመቱ ይወርዳል፤ የመለዋወጫዋ ዋጋ ግን አብሯት አያረጅም። አዲስ መኪና ላይ እንደ ቀላል የሚታይ ግጭት አሮጌዋን ከመንገድ የሚያስወጣት በዚህ ምክንያት ነው።

የገንዘቡን ልክ ትቼ ሒሳቡን በመቶ ላስቀምጠው። ከአደጋው በፊት የነበራት የገበያ ዋጋ 100 ተብሎ ተገምቷል። ጥገናው 80 ይፈጃል። የተጎዳችውን መኪና እንዳለች የሚገዛ ነጋዴ 24 ሰጥቷል፤ ሳልቬጅ የምንለው እሱን ነው። 80 እና 24 ሲደመሩ 104 ይሆናል። ድርጅቱ ቢጠግናት 80 ያወጣል፣ ከሳልቬጁ ያገኝ የነበረው 24 ደግሞ ይቀርበታል። 100 ከፍሎ ቅሪቷን ቢሸጥ ይሻለዋል ማለት ነው። ሁሉም ቦታ በዚህ ቀመር አይሠራም። በአሜሪካ ለምሳሌ አንዳንድ ግዛቶች ጣሪያውን በሕግ ወስነውታል፤ ኦክላሆማ ላይ ጥገናው የመኪናዋን ዋጋ 60 በመቶ ሲያልፍ፣ ቴክሳስ ላይ ደግሞ 100 በመቶ ሲያልፍ ነው። አንዲት መኪና ድንበር ስትሻገር ከሞት ትነሳለች እያልን ቢሮ ውስጥ እንቀልድበታለን።

ባልየው ይህን ሁሉ ሰምቶ ሄደና ከሌላ ጋራዥ ፕሮፎርማ ይዞ ተመለሰ። ጥገናው 62 ብቻ! ኢንጂነሩ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ኤርባግ የለበትም። ቀበቶ የለበትም። ቦዲው በመለኪያ ይፈተሻል የሚል መስመርም የለም። «ወንድሜ፣ ይሄ የጥገና ሳይሆን የቀለም ፕሮፎርማ ነው» ብሎ መለሰለት። ባልየው ተናደደ፤ አልፈርድበትም። ብዙ ደንበኛ ጉልበቱን የሚጨርሰው እዚሁ ላይ ነው፣ የጥገናውን ዋጋ ለማውረድ በመሟገት። ከዚያች ገጽ አጠገብ ያለችውን፣ የመኪናዋ የገበያ ዋጋ የተገመተባትን ወረቀት አሳዩኝ የሚል ግን እምብዛም አይገኝም።

ሚስትየዋ እስካሁን ዝም ብላለች። የእሷ ፍላጎት ሌላ ነበር፤ «እኔ ልጆቼን እዚያች መኪና ውስጥ መልሼ አላስቀምጥም፣ ገንዘቡ ይሰጠን» ነው የምትለው። ክንዷ ሥር ግን ክላሰር ይዛለች። ምን እንደሆነ ብጠይቃት መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ የተጠራቀመ ደረሰኝ ነው፦ በየጊዜው የተደረገ ሰርቪስ፣ የካምቢዮ ሙሉ እድሳት፣ በቅርቡ የተገጠሙ አራት ጎማዎች፣ የኪሎ ሜትሩ ንባብ ከነቀኑ። የግምቱን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋት። 100 የተባለው ለሽያጭ ከቀረቡ ተመሳሳይ መኪናዎች ተነጻጽሮ ነው። ሞዴሉም የምርት ዘመኑም አንድ ነው፤ ነገር ግን ለንጽጽር የተወሰዱት ዝቅተኛው ዓይነት ናቸው፣ ከእሷ መኪና ይልቅም ብዙ ኪሎ ሜትር ሄደዋል። «በዚህ ላይ መቃወም ትችያለሽ፣ በጽሑፍ አድርጊው» አልኳት።

ጻፈች። ደረሰኞቹን አያያዘች፣ ከመኪናዋ ጋር በትክክል የሚመሳሰሉ የሽያጭ ማስታወቂያዎችንም ጨመረች። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ካምቢዮ ለማሳደስ ያወጣኸው ገንዘብ እንዳለ አይደመርልህም፣ ጎማውም እንዲሁ። ክብደት የነበራቸው የመኪናዋ ዓይነትና የተረጋገጠው ኪሎ ሜትር ናቸው። ደረሰኞቹ መኪናዋ በደንብ እንደተያዘች መሰከሩ እንጂ ራሳቸው ብዙ ዋጋ አልጨመሩም። ግምቱ እንደገና ተሠርቶ 115 ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማናችንም አልጠበቅነውም። ጥገናውና ሳልቬጁ ሲደመሩ አሁንም 104 ናቸው፤ የመኪናዋ ዋጋ ግን 115 ሆኗል። ስለዚህ መጠገኑ ያዋጣል። ውሉ ደግሞ እንደ አብዛኛው የመኪና መድን ውል፣ መጠገን ወይስ በገንዘብ መካስ የሚለውን ምርጫ ለድርጅቱ ይሰጣል። ለሚስትየዋ ስደውልላት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «ዋጋዋ ከፍ ስላለ ካሳው ቀረ ነው የምትለኝ?» አለች። አዎ፣ እንደዚያ ነው የምላት። ከጀርባዋ የባልየው የደስታ ድምፅ ይሰማኛል። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓትም ቢሆን ስለ ክላሰሩ ባልጠየቅኳት ኖሮ ብዬ አልተጸጸትኩም። ዝቅ ብሎ የተገመተ ዋጋ ለጊዜው የፈለገችውን ቢሰጣትም ዝቅ ያለ ነው።

መኪናዋ ጋራዥ ገባች። ፓራውልቱና ፓራፋንጎው ሲፈቱ ፎቶ ያላሳየው ጉድ ወጣ። እንደ እሷ ያሉ መኪናዎች ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም፤ ሸክሙን የሚችለው ቦዲው ራሱ ነው። በአንድ በኩል ወደ ፊት የተዘረጋው ተሸካሚ ብረት ተጣሟል። በዓይን የማይያዝ፣ በመለኪያ ብቻ የሚታወቅ ጥመት ነው። እሱ ሳይስተካከል ጎማ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ቀጣይ ግጭት ቢመጣም ፊቷ እንደተሠራችበት አይጨማደድም። ባቲላሜራው «ይሄ በመዶሻ የሚመለስ አይደለም» አለ። የተስተካከለው ፕሮፎርማ 97 ሆኖ መጣ። ከ24 ጋር 121፣ ከ115 በላይ። መኪናዋ ለሁለተኛ ጊዜ ሞተች። የአሁኑ ደብዳቤ ግን በ115 ነው የተጻፈው። ከውሉ ላይ ደንበኛው የሚሸከመው ተቀናሽ 5 ነበር፤ እጃቸው የሚገባው 110። የባንክ ዕዳ ቢኖርባት ኖሮ ባንኩ ቀድሞ ይወስድ ነበር፣ አልነበረባትም።

ባልየው አሁንም ተስፋ አልቆረጠም። «ቅሪቷን ለእኔ ብትተውልኝስ?» አለ። ይቻላል። 24 ተቀንሶ 86 ይከፈለዋል፣ መኪናዋም የእሱ ትሆናለች። ወረቀት ላይ አስቀመጥኩለት፦ እጁ ላይ 86፣ ጥገናው 97። ከኪሱ 11 ይጨምራል፤ ሠርቶ ሲጨርስም ገዥ ሁሉ ዋጋ የሚያወርድባት፣ ሙሉ መድን ለመግዛት ከባድ ምርመራ የሚጠብቃት መኪና ይዞ ይቀራል። ኤርባጉን ትቶ ቢጠግናት ይረክስ ነበር፤ እሱን ደግሞ ሚስቱ ፊት አፍ አውጥቶ ሊለው አልደፈረም። ፈረሙ።

ከመፈራረማችን በፊት ሚስትየዋን ስለ ልጆቹ ወንበሮች ጠየቅኳት። ሁለቱም በግጭቱ ጊዜ መኪናዋ ውስጥ ነበሩ። ኤርባግ እስኪፈነዳ የደረሰ ግጭት ያየ የልጅ ወንበር ምንም ስንጥቅ ባይታይበት መልሶ አይታሰርም፤ ከካሳው ጋር የሚጠየቅበት ውልም አለ፣ የእነሱ እንደዚያ ነበር። ማንም አልነገራቸውም ነበር።

በእኛ በኩል የመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። የክፍል ኃላፊያችን ኤርባግ በፈነዳበት አደጋ የመኪናው ፊት ሳይፈታ የቶታል ሎስ ደብዳቤ እንዳይወጣ አዘዘ። የንጽጽር ገጹም ከደብዳቤው ጋር ለደንበኛው ይሰጣል። የማስፈቻው ወጪ በእኛ ላይ ስለሚወድቅ ባልደረቦቼ ያጉረመርማሉ፤ እኔ ግን አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ጠርቶ ሁለት ተቃራኒ ነገር ከመንገር ይቀላል ባይ ነኝ። የንጽጽር ገጹን መስጠትማ ከመጀመሪያውም ሊከብድብን አይገባም ነበር።

ባልየው በቀጣዩ ሰሞን ደወለልኝ። መኪና አግኝቷል፤ ዋጋዋ ከገበያው ዝቅ ያለ፣ ቀለሟ የሚያብረቀርቅ። ለልጆች የሚሆን አይሶፊክስ ማሰሪያ አላት፣ መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ኢኤስሲም አላት፤ አሮጌዋ ሁለቱም አልነበሯትም። «አንድ ጊዜ እያት» አለኝ። እኔ ወረቀት እንጂ ብረት አላይም ብዬ ወደ ኢንጂነሩ መራሁት። ኢንጂነሩ ኮፈኗን ከፍቶ ፊት ያለውን ተሸካሚ ብረት በባትሪ ብርሃን ተመለከተና የፋብሪካ ያልሆነ ብየዳ አገኘ። ቁልፉን ሲያዞርም የኤርባጉ ማስጠንቀቂያ መብራት ጭራሽ አልበራም፤ ደህና መኪና ላይ በርቶ ነው የሚጠፋው። ሻጩን ስለ አደጋ ታሪኳ ሲጠይቁት «እኔም እንደዚሁ ነው የገዛኋት» አለ።

ትተዋት ሄዱ። በኋላ የገዙት ቀለሙ የደበዘዘ፣ በሩ ላይ ጭረት ያለበት፣ የሰርቪስ ደብተሩ ግን የተሟላ መኪና ነው። ለመድን ሲያስመዘግቡት ሚስትየዋ በገበያ ዋጋ ይሁን ወይስ አስቀድሞ በተስማማንበት ዋጋ ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱንም በዐረቦናቸው አስልቼ ሰጠኋት፣ ቤት ወስዳ አሰበችበትና ሁለተኛውን መረጠች።