የረቡዕ ጠዋት ስብሰባ

በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጉልት የሚቸረችሩት ጎረቤታችን ባለፈው ሳምንት ከልጃቸው ትምህርት ቤት የተላከላቸውን ደብዳቤ ይዘው መጡና «እስቲ ልጄ፣ ምን ይላል?» አሉኝ። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት «የመማር ማስተማሩ ሂደት ውጤታማ ይሆን ዘንድ ወላጆች የበኩላቸውን አስተዋጽኦ እንዲያበረክቱ» ይጠይቃል፤ የስብሰባው ጊዜ ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። እሳቸው አፋቸውን በስልጥኛ የፈቱ፣ አማርኛን ገበያ ውስጥ የለመዱ ናቸው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ከሃይሌ ጋርመንት ያመጡትን ቲማቲም እየደረደሩ ነው።

ነገሩ ሎስ አንጀለስ ስላለው ካሚኖ ኑዌቮ ስለተባለ ቻርተር ትምህርት ቤት ያነበብሁትን አስታወሰኝ። ቻርተር የሚባሉት ትምህርት ቤቶች በጀታቸውን ከመንግሥት የሚያገኙ፣ ክፍያ የማይጠይቁ፣ ግን በራሳቸው ቦርድ የሚተዳደሩና ውጤት ካላመጡ ፈቃዳቸውን ሊነጠቁ የሚችሉ ናቸው፤ የመጀመሪያው ሕግ በ1991 እ.ኤ.አ. በሚኒሶታ ወጣ። ካሚኖ ኑዌቮ በ2000 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በሚበዙበት በማካርተር ፓርክ ሠፈር፣ ቀድሞ የሱቆች መደዳ በነበረ ሕንጻ ውስጥ ነው። ልጆቹን በእንግሊዝኛና በቤታቸው ቋንቋ በስፓኒሽ ያስተምራል። የካሊፎርኒያ መራጮች ትምህርት በአመዛኙ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ በ1998 እ.ኤ.አ. ወስነው፣ ውሳኔው እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ሳይሻር በቆየበት ግዛት ይህ ቀላል ምርጫ አልነበረም። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነው፤ እናት በምትናገረው ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ለእናትየው ደብዳቤ ሲጽፍ አስነባቢ አያስፈልጋትም።

በእርግጥ ቻርተር ሁሉን አይፈታም። አመልካች ከቦታው ሲበልጥ ዕጣ ይወጣል፤ ኮንዶሚኒየም ስንጠብቅ የኖርን ሰዎች ዕጣ ያልወጣለት ምን እንደሚሰማው አይጠፋንም። በጀት ተማሪውን ተከትሎ ስለሚሄድ ነባሮቹን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያደኸያል የሚለውም ክርክር እስካሁን አልበረደም።

እኛ ዘንድም ትምህርት ቤት የድሃን ቤት የሚያውቅበት ጊዜ አለ። በአዲስ አበባ የተማሪዎች ምገባ ሲጀመር ምግብ እንዲያበስሉ የተቀጠሩት እናቶች ናቸው፤ ልጁም ይበላል፣ እናትም ከግቢው አትርቅም። ይህን ያሰበ ሥርዓት የስብሰባ ሰዓት መምረጥ እንዴት እንዳቃተው አይገባኝም።

ረቡዕ ዕለት ጎረቤታችን ጉልታቸውን ትተው መሄድ ስላልቻሉ እኔ ተወክዬ ሄድሁ። የስም መመዝገቢያው ወረቀት ሲደርሰኝ «ከተማሪው ጋር ያለው ዝምድና» በሚለው ቦታ ላይ «ጎረቤት» ብዬ ጻፍሁ።